ገመድ፣ ዘንግ እና ቁልቁለት፦ ተሽከርካሪን በተሽከርካሪ ለመጎተት መሣሪያ ስለ መምረጥ

በመቐለ ዩኒቨርሲቲ እንዳ ኢየሱስ ግቢ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለእንግዶች ክፍት ሆኖ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ።

የዚህ ንግግር ማስታወቂያ በተለጠፈ ዕለት አንድ ባልደረባዬ «ይህን ጋራዥ ያሉ ልጆች ይነግሩን የለም እንዴ?» ብሎ ቀልዶብኛል። ልክ ነው፤ ከምነግራችሁ ውስጥ ብዙውን የተማርሁት ከእነርሱ ነው። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን የሚሉትን ቃላት ሳይቀር የሰማኋቸው ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከጋራዥ ነው። (ጣሊያን በዚህ ኮረብታ ላይ የነበረውን ምሽግ በ1888 ዓ.ም. ለቅቆ ሲወጣ እነዚህን ቃላት አልተወልንም። ከአርባ ዓመት በኋላ ከነመኪናዎቹ የመጡ ናቸው።)

የዛሬው ጥያቄ ጠባብ ነው። አንድ ተሽከርካሪ ሌላውን እንዲጎትት ስንፈልግ በሁለቱ መካከል የምናስገባውን ነገር እንዴት እንመርጣለን? ገመድ ይሁን? ሰንሰለት? የብረት ዘንግ? ወይስ ጨርሶ አለመጎተትና ሎቤድ ላይ መጫን? ሁላችሁም በሜካኒክስ ትምህርት ኃይልን በቀስት ሥላችኋል፤ ቀስቱም ሁልጊዜ ወደ ፊት ያመለክታል። እኔ ዛሬ የማተኩረው ወደ ኋላ በሚያመለክተው ቀስት ላይ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ አብዝተው ያሰቡት፣ በተለይ በሰሜን አሜሪካ፣ ሞተር ሆም በሚባለው ተሽከርካሪ የሚጓዙ ሰዎች ናቸው። ሞተር ሆም መኝታና ማብሰያ ያለው፣ ቤትም መኪናም የሆነ ተሽከርካሪ ነው። ባለቤቶቹ ከኋላው አንዲት ትንሽ መኪና ያስራሉ፤ ትልቁን አንድ ቦታ ካቆሙ በኋላ ገበያና ከተማ የሚወጡት በትንሿ ነው። ትንሿ መኪና በአራት ጎማዎቿ መሬት ላይ እየተንከባለለች፣ ውስጧ ሰው ሳይኖር፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ትጎተታለች። እነርሱ መሣሪያውን የሚመርጡት ጉዞው ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት ነው። እኛ የምንመርጠው ኮፈኑ ከተከፈተ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀችና ተሳፋሪው ከተማረረ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ምርጫው የሚሆነው በመቀመጫ ሥር የተገኘው ገመድ ነው። እነርሱ በእርጋታ የደረሱበትን መመዘኛ ወስደን በእኛ ቁልቁለት ላይ ብንፈትነው ብዙ እንማራለን።

መጀመሪያ ግን በራሴ የደረሰውን ላውጋችሁ። ከዓመታት በፊት ከመስክ ሥራ ስንመለስ ፒክአፓችን ኮረም አካባቢ ሞተሩ ጠፍቶ ቀረ። ያገኘነው ሠሪ ያለው አላማጣ ነበርና ወደዚያው ለመውረድ አንድ የጭነት መኪና ለመንን። በግራት ካሕሱ ያለፈ ሰው ያንን መንገድ ያውቀዋል፤ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ነው። ሾፌሩ ወፍራም የናይለን ገመድ አወጣ። ሁላችን ገመዱን ዳበስን፣ ቋጠሮውን ሳብን፣ መንጠቆውን አየን። «መምህር፣ አይስጉ፤ ይህ ገመድ ሲኖትራክ ጎትቷል» አለኝ። እውነቱን ነበር። ከመሪው ላይ የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ። አብሮኝ የነበረውን ባልደረባዬን ሾፌሩ «ከእኔ ጋር ይሁኑ፤ መንገዱን ያጫውቱኛል» ብሎ ወደ ጭነት መኪናው ወሰደው።

በመጀመሪያዎቹ ጥምዝማዞች ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ረገጥሁ፤ ሠራ። በሦስተኛው ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። መኪናዬ ወደ ጎታቹ ተጠጋች፣ ገመዱ ላልቶ መሬት ነካ፣ የፊት ጎማዬም ወጣበት። ሾፌሩ ቀጥ ያለ ቦታ አግኝቶ ነዳጅ ሲሰጥ ገመዱ በአንድ ቅጽበት ተወጠረ። ገመዱ አልተበጠሰም፤ መንጠቆው የተያዘበት ብረት ከጭነት መኪናው ተነቅሎ ወጣ። እኔ የእጅ ፍሬን ስቤ ግንቡ ላይ ተጠግቼ ቆምሁ። መንጠቆው ግን ከነገመዱ ተፈናጥሮ መስታወቱን በርቅሶ ገባ፤ ያረፈውም ባልደረባዬ ሊቀመጥበት በነበረው ወንበር መደገፊያ ላይ ነው።

ገመዱ ይችል እንደሆነ ጠይቀን ነበር፤ ይችል ነበር። ያልጠየቅነው ይህችን መኪና ቁልቁለት ላይ የሚይዛት ማነው የሚለውን ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። 1,500 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና እንውሰድ። በ8 በመቶ ዳገት ላይ በዝግታ ለመጎተት የሚያስፈልገው ኃይል፣ የጎማው መንከባለል የሚፈጥረው ተቃውሞ ተጨምሮበት፣ 1.4 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው። ይህ 140 ኪሎ የሚያህል ዕቃ አንጠልጥሎ እንደ መያዝ ነው፤ ደህና ገመድ ሁሉ ይችለዋል። አሁን ገመዱ ላልቶ ሳለ ጎታቹ በሰከንድ 1 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 3.6 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢቀድም ምን ይሆናል? ይህ የሰው እርምጃ ፍጥነት ነው። በገመዱ ላይ የሚያርፈው ከፍተኛ ኃይል የፍጥነቱ ልዩነት፣ በገመዱ ጥንካሬና በመኪናው ክብደት ብዜት ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ይገኛል። አምስት ሜትር ርዝመት ላለው፣ በሜትር 40 ኪሎ ኒውተን ለሚፈልግ የናይለን ገመድ 7.7 ኪሎ ኒውተን ይመጣል። በዚያው ርዝመት በሜትር 1,000 ኪሎ ኒውተን ለሚፈልግ የሽቦ ገመድ 39 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይሆናል። በተግባር ሻንሲውና ማሰሪያው ራሳቸው ትንሽ ስለሚላሉ ሁለተኛው ቁጥር ይቀንሳል፤ ግን ከቋሚው ጉተታ ጋር ያለው ልዩነት አሁንም ሰማይና ምድር ነው።

ስለዚህ «ጠንካራ ነው» ብለን የሽቦ ገመድ ወይም ሰንሰለት ስንመርጥ ጥንካሬውን የሚከፍለው መኪናው ነው። ናይለን ይለጠጣል፤ መለጠጡም ነው ጥቅሙ። ነገር ግን የተለጠጠ ነገር ያጠራቀመውን ጉልበት መልሶ ይሰጣል፤ መንጠቆውም ሲነቀል ወንጭፍ ይሆናል። ገመድ የግድ ከሆነ ጫፉ ላይ ከባድ ብረት አይኑር፤ በመካከሉም ብርድ ልብስ ወይም ወፍራም ጨርቅ ይደረብበት። ሲፈናጠር ወደ መሬት ይጎትተዋል።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ስለ መሳብ ነው። ቁልቁለቱ ሌላ ነገር ነው። 1,500 ኪሎ የምትመዝነው መኪና ከኮረም ከፍታ ወደ አላማጣ ሜዳ 1,000 ሜትር ስትወርድ ወደ 14.7 ሜጋ ጁል ጉልበት በሙቀት መልክ መውጣት አለበት። ይህ 50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ የሚያሞቅ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የምትሄደውን ይህችኑ መኪና በሜዳ ላይ ለማቆም ከሚያስፈልገው ጋር ብናወዳድረው 280 ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ያ ሙቀት የት ይሄዳል? የተጎታቿ ፍሬን ከሠራ ወደ እርሷ ፍሬን፤ ካልሠራ ሁሉም ወደ ጎታቹ ፍሬንና ሞተር ነው። ጎታቹ ደግሞ የራሱን ሸክም አስቀድሞ ይዟል።

በድንገት ማቆምም እንዲሁ ነው። 3,000 ኪሎ የሚመዝን ጎታች ብቻውን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ በደረቅ አስፋልት፣ ሰበቃው 0.6 ቢሆን፣ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ በ16 ሜትር ገደማ ይቆማል። ፍሬን የሌላት 1,500 ኪሎ መኪና በዘንግ ብትታሰርበት 25 ሜትር ይፈልጋል። በ8 በመቶ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ብቻውን 19 ሜትር፣ ከተጎታቿ ጋር 31 ሜትር። በጥምዝማዝ መንገድ አሥራ ሁለት ሜትር ማለት በአንዳንድ ቦታ የመንገዱ ጠርዝ ካለበት ያልፋል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። የበቅሎን ዕቃ አስቡ። ኮርቻው ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከደረቷ ላይ የሚያልፍ ጠፍር አለ። ቁልቁለት ላይ ወደ አንገቷ እንዳይሄድ ደግሞ ከጅራቷ ሥር የሚያልፈው ወዴላ አለ። ወዴላ የሌለው ኮርቻ ሜዳ ላይ ምንም አይልም። ጋሪም እንዲሁ ነው። ከዱር ግንድ የሚጎትት በሬ ጠፍር ይበቃዋል፤ ግንዱን መሬቱ ራሱ ይይዘዋልና። ጎማ ያለው ጋሪ ግን ፈረሱን ከኋላ ስለሚመታው ሁለት ጠንካራ ዘንጎች ተደርገውለታል። ጎማ ያለውን መኪና በገመድ ስንጎትት ጋሪውን እንደ ግንድ ቆጥረነዋል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሴባስቶፖል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ይህን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጓዙት ክብደቱ ወደ 7 ቶን እንደሚደርስ ይገመታል። የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ወርዶ መውጣት ነበረበት፤ መንገዱም እየተሠራ ነው የተሄደው። በታሪክ ስንማረው ስለ ጎተቱት ሰዎች ብዛት ይነገረናል። መሐንዲስ የሚጠይቀው ግን ስለ ቁልቁለቱ ነው። በ10 በመቶ ቁልቁለት ላይ 7 ቶን ወደ ታች የሚሄድበት ኃይል 7 ኪሎ ኒውተን ያህል ነው። ለ500 ሰው ቢከፋፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከአንድ ኪሎ ተኩል ያነሰ ክብደት ነው፤ ልጅ ይይዘዋል። ችግሩ ከመድፉ ፊት ሆኖ ሊይዘው የሚችል ሰው አለመኖሩ ነው። ገመድ ፍሬን ሊሆን የሚችለው ከኋላ፣ ከዳገቱ በኩል ሲያዝ ብቻ ነው። እኛም ሁለተኛ መኪና ከኋላ አስረን ብንወርድ ገመድ ይሠራልናል፤ አንዳንድ ሾፌሮች ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ፣ አደንቃቸዋለሁም። ከፊት ያለ ጎታች ግን በገመድ ምንም ሊይዝ አይችልም።

ዘንግ ይህን ይፈታል፤ በከፊል። ባለ አንድ ቀጥታ ዘንግ ርቀቱን ይጠብቃል፣ ላልቶ መወጠርን ያጠፋል፣ ነገር ግን በተጎታቿ ውስጥ መሪ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። የሞተር ሆም ተጓዦች የሚጠቀሙት ሦስት ማዕዘን የሆነውን ነው። ሁለት ክንዶች ከተጎታቿ ሻንሲ ግራና ቀኝ ተነሥተው በጎታቹ ኋላ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። የመሪ ቁልፉ ተከፍቶ ከተተወ የፊት ጎማዎቹ ራሳቸው ወደ ተሳቡበት ይዞራሉ። ወደ ኋላ መንዳት ግን አይቻልም፤ ጎማዎቹ ተጠማዝዘው ይቆለፋሉ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን የሚሳሳቱባት አንድ ነጥብ አለች። ዘንጉን ሲነድፉ የሚያሰሉት ሲሳብ የሚችለውን ነው። ትልቁ ኃይል ግን ጎታቹ ፍሬን ሲይዝ የሚመጣው ግፊት ነው፤ ጎታቹ በጣም ከባድ ቢሆን ለእኛ መኪና እስከ 8.8 ኪሎ ኒውተን ገደማ። ሁለቱ ክንዶች እያንዳንዳቸው ከመሐል መሥመር በ25 ዲግሪ ቢከፈቱ በቀጥታ መንገድ ለአንዱ 4.9 ኪሎ ኒውተን ይደርሰዋል። በጥምዝማዝ ላይ ግን አብዛኛውን አንዱ ብቻውን ይሸከማል፤ ያውም ሲገፋ ሊጎብጥ በሚችልበት ሁኔታ። ስለዚህ ስሌቱ ለመጉበጥ ይሁን፣ ሙሉው ኃይል አንድ ክንድ ላይ እንዳረፈ ተቆጥሮ ይሁን። ማሰሪያው ፓራውልት ላይ ሳይሆን ሻንሲው ላይ ይሁን። ዘንጉ ወደ አግድም የቀረበ ይሁን፤ ተጓዦቹ በሁለቱ ጫፎች መካከል ከ10 ሴንቲ ሜትር የበለጠ የከፍታ ልዩነት አይፈቅዱም። የእኛ ጭነት መኪናዎች ጀርባ ከቤት መኪና በጣም ከፍ ስለሚል ይህ እዚህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዘንጉ ወደ ታች ካዘቀዘቀ በፍሬን ጊዜ ተጎታቿ የጎታቹን ጀርባ ወደ ላይ ታነሣለች፤ የኋላ ጎማው የሚይዘው ያኔ ይቀንሳል። ሁለት የደኅንነት ሰንሰለቶችም ከዘንጉ ሥር ተሻግረው ይታሰሩ፤ ዘንጉ ቢወልቅ አፍንጫው መሬት እንዳይወጋ።

የፍሬኑ ነገር ግን አሁንም ይቀራል። ለምንድን ነው የእኔ ፔዳል ድንጋይ የሆነው? የፍሬኑን ግፊት የሚያግዘው ክፍል የሚሠራው ባዶ አየር በመጠቀም ነው፤ ባዶውን የሚፈጥረው ሞተሩ ወይም ሞተሩ የሚያዞረው ፓምፕ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የተጠራቀመው ለሁለት ለሦስት ርግጫ ብቻ ይበቃል። በእኛ አገር ሌላም ነገር ይጨመራል። እዚህ በ2,200 ሜትር ገደማ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የሚያግዘው ኃይል ራሱ ከዚያ ግፊት የሚመጣ ስለሆነ ከመጀመሪያውም ያነሰ ነው። ተርቦ የሌለው ጎታች ሞተርም በዚሁ ከፍታ ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል። በመጽሐፍ ላይ የተጻፈው የመጎተት አቅም የባሕር ዳርቻ ቁጥር መሆኑን አትርሱ።

ስለዚህ የተበላሸው ሌላ ነገር ሆኖ ሞተሩ መሥራት ከቻለ፣ እየሠራ ይጎተት። ካልቻለ ሁለት አማራጭ አለ፤ አንደኛው ተጓዦቹ እንደሚያደርጉት ፔዳሉን በራሱ ጉልበት የሚረግጥ ተጨማሪ የፍሬን መሣሪያ መግጠም ነው፣ ውድ ነው። ሁለተኛው ቁልቁለቱን መተውና ሎቤድ መጠበቅ ነው። የአየር ፍሬን ያላቸው ትልልቅ መኪናዎች በተቃራኒው ናቸው፤ አየር ሲያልቅባቸው ፍሬናቸው በስፕሪንግ ይቆለፋል። ከጎታቹ አየር ካላገኙ ወይም ስፕሪንጉ በቡሎኑ ካልተለቀቀ በቀር አይንቀሳቀሱም። ይህን ሳያውቅ ጎማ እያስጮኸ የጎተተ ሰው አይቻለሁ።

አሁን ስለ ተጎታቿ ዓይነት በአጭሩ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላት መኪና ዘይቱን የሚያሰራጨው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲዞር የካምቢዮው የውስጥ ጥርሶች ያለ ዘይት ይፋጫሉ። ከተማችንን የሞሉት እንደ ቪትዝ ያሉ ትንንሽ አውቶማቲክ መኪናዎች የሚነዱት በፊት ጎማ ነው፤ ስለዚህ የፊት ጎማቸው ተነሥቶ፣ የእጅ ፍሬናቸው ተለቅቆ መጎተት ይችላሉ። በኋላ ጎማ የምትነዳ አውቶማቲክ ከሆነች ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደውን ዘንግ ማውለቅ ወይም መጫን ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ስለተከለከለ ቀጣዩ ትውልድ የሚጎትተው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በአብዛኞቹ ሞተሩ ከጎማው ጋር እንደተያያዘ ይኖራል፤ ዜሮ ማርሽ ማለት የማያያዣው መላቀቅ ማለት አይደለም። ቋሚ ማግኔት ያለው ሞተር ጎማው ሲያዞረው ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያ ኤሌክትሪክ መሄጃ ካላገኘ መቆጣጠሪያውን ያቃጥላል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። አምራቾቹ በአብዛኛው አራቱም ጎማ ከመሬት ተነሥቶ እንዲጫን የሚያዙት ለዚህ ነው። ለእነዚህ መኪናዎች ከገመድና ከዘንግ መምረጥ የለም። በየወረዳው ሎቤድ በሌለበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ የመንገድ ትራንስፖርት ባለሙያዎቻችን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ጥያቄዎች ተነሥተው ነበር፤ ሁለቱን ብቻ ልመልስ። አንድ ተማሪ «ለመስክ መኪናችን አንድ ነገር ብቻ መግዛት ብንችል ምን እንግዛ?» ብሏል። ከመኪናው ጋር በተመዘነ ልክ የተሠራ ባለ ሦስት ማዕዘን ዘንግ፣ ከነሻንሲ ማሰሪያው። ማሰሪያው እዚህ በጋራዥ፣ በሰላሙ ቀን፣ ይገጠም። ስትመዝኑም መኪናውን ከነዕቃው መዝኑት፤ በካታሎግ ያለው ክብደት ድንኳን፣ የውሃ ጀሪካንና የአፈር ናሙና የሌለበት ነው።

ሁለተኛዋ ጠያቂ «በገመድ ከመጎተት በቀር ምንም ባይኖርስ?» ብላለች። ሜዳና ዳገት ላይ፣ በዝግታ፣ ተጎታቹ ሾፌር ገመዱን በፍሬን እየወጠረ፣ ማንም አብሮት ሳይሳፈር። ቁልቁለቱ አፋፍ ሲደረስ ይቆማል፤ ጎማው ድንጋይ ይደረግለታል፤ ዘንግ ወይም ሎቤድ እስኪመጣም እዚያው ይታደራል። እኔና ባልደረባዬ ያን ምሽት ኮረም ብናድር የሚከፈለው የአልጋ ኪራይ ብቻ ነበር።

የአራተኛ ዓመት ተማሪዎቻችን የሠሩት ዘንግ ከወርክሾፑ በር ላይ ከአንድ ፒክአፕ ጋር ታስሮ ቆሟል። አንዱ ክንድ ሆን ተብሎ በግፊት እንዲጎብጥ ተደርጓል፤ ስትወጡ እዩት፣ በእጃችሁም ዳብሱት።